ለበረካ አንድ ክዳን

ፊደል የቆጠርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። «ጎበዝ፣ በዚህ ዕድሜህ!» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። ማፈር ያለበት በጊዜው ያላስተማረኝ ነው።

ከመርሳ ከተማ በታች፣ ከሚስቴ ወንድም ጋር በእኩል የምናለማው የመስኖ ሽንኩርት አለን። ባለፈው በጋ ያንን ማሳ እኔው ራሴ አቃጠልኩት። በእሳት አይደለም፣ በተባይ መድኃኒት። እኛ ዘንድ እህል ሲሰፈር ከሞላው ላይ አንድ እፍኝ ለበረካ ይጨመራል። መድኃኒቱንም እንደዚያው ነበር የምሰፍረው፤ በጠርሙሱ ክዳን አራት፣ ከዚያ አንድ ለበረካ። ሽታው አፍንጫ ካልሰነፈጠ ደግሞ ሌላ አንድ። ተባዩ አለቀ፤ ሽንኩርቱም አብሮት አለቀ።

ዘንድሮ ተባዩ ተመልሶ መጣ። የሚስቴ ወንድም ገና ከሩቅ ጀመረኝ።

«አሁንም ካቃጠልከው ወላሂ ማሳውን ለብቻዬ ነው የማርሰው። አንተ እዚያው ሀ ሁ ስትል ዋል!»

ጠርሙሱን ይዤ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ሄድኩ። መምህራችን ልጄ የምትሆን ሴት ናት። አንብቢልኝ ብላት፣ «አንቱ ያንብቡት» አለችኝ። እያላበኝ አነበብኩት፤ ለአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ሚሊ ሊትር።

«ታዲያ ለምን በውሃ ይለካል? መድኃኒቱ ያው መድኃኒት አይደለም እንዴ?» አልኳት።

አንድ ብርጭቆና አንድ ትልቅ ጆግ ውሃ አስመጣች። በሁለቱም አንዳንድ ማንኪያ ጨው አሟሟችና ይቅመሱ አለችኝ። የብርጭቆውን ተፋሁት። የጆጉ ምንም አይል።

«ጨዉ እኩል ነው አባባ፤ የተለያየው ውሃው ነው። ሙሙት የሚባለው፣ ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር፣ ይኸው ነው። ስንት ጨው ብቻ አይበሉ፤ በስንት ውሃ ብለው ይጠይቁ።»

«ይህን ለማወቅ ነው የአንድ በጋ ሽንኩርት የፈጀሁት?» ስላት ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ከከብት መድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ስሪንጅ አመጣሁና ክዳኑን በውሃ ለካሁት። አሥር ሚሊ ሊትር ይይዛል። በጀርባ የምናዝለው መርጫ አሥራ ስድስት ሊትር ነው፤ የሚገባው ሠላሳ ሁለት ሚሊ ሊትር ብቻ። እኔ በስድስት ክዳን ስድሳ ስጨምርበት ነበር የኖርኩት! በስሪንጁ ሠላሳ ሁለት ሰፈርኩ።

የሚስቴ ወንድም አጎንብሶ አሸተተ። «ምንም አይሸትም እኮ! ተባዩን በውሃ አጥበህ ውዱእ ልታስደርገው ነው?»

«የምንገድለው አንተን አይደለም» አልኩትና መርጫውን አዘልኩ።

ረጨሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። በአምስተኛው ቀን ስወርድ እሱ ቀድሞኝ ቅጠል እየገለበጠ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ተባዩ ደርቆ ረግፏል።

«እህሳ?»

«ደህና ነው» አለ፣ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው ፊቱን አጨማዶ።

ውሃ ዳር ያለችው ጥግ ሳትረጭ ቀርታ ነበር። መርጫውን እስከ ግማሽ ሞልቶ አመጣና ስሪንጁን ዘረጋልኝ። «ሠላሳ ሁለት ነው አይደል?»

«ውሃህ ስምንት ሊትር ነው። መድኃኒቱ አሥራ ስድስት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጨውና ጆግ ላምጣልህ?»

የመርጫውን ክዳን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ቆመ። እኔም የስሪንጁን እያንዳንዷን መስመር ሁለት ጊዜ እያየሁ ቀስ ብዬ ሰፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሚያነብልኝ ሰው ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ይጠብቅ።