የኋላውን ግድግዳ አደራ

ስንጥቁ የሞተ ሰሞን የድሮ የክፍል ጓደኞቹ በአንድ ጊዜ አፍ አወጡ። የቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ ሻማ የለጠፈው ለጠፈ፣ የሚያለቅስ ፊት የላከው ላከ፣ «እንደሱ ያለ ሰው አይደገምም» ያለውም አለ። አብራቸው የተማረችው ልብስ ሰፊ ስልኳን የስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፋ አንድ በአንድ አነበበችና ደሟ ፈላ። አይደገምም ይላሉ እንዴ? በሕይወት እያለ አንዴስ መች ጠሩት? አንዱ ሱቅ ሲከፍት፣ ሌላው ክሊኒክ ሲያስመርቅ፣ ታፔላውን ያሠሩት በኮምፒውተር ከሚያትም ቤት ነው። ስንጥቁ ደግሞ እንጀራው ታፔላ መጻፍ ነበር። በእጁ የጻፈው ፊደል ከመንገድ ማዶ የሚሄድ ሰው ያስቆማል። ይህን ሁሉም ያውቃሉ፤ እያወቁ ነው ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት።

እሷና እሱ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደጉት። «ስንጥቁ» ብሎ ስም ያወጣለት የሂሳብ አስተማሪያቸው ነበር። ልጁ ሰሌዳውን ትቶ የተሰነጠቀ ግድግዳ ላይ ሲያፈጥ ያዘውና «ምን አለ እዚያ?» ቢለው፣ «ግመል አለ፣ ቲቸር፤ አንገቱ ብቻ ነው የቀረው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ሊቆጣ ዞሮ አየ፤ አይ ጣጣ፣ ግመሉ ለሱም ታየው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁን እናቱ ባወጡለት ስም የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ሆኑ።

ንጹሕ ወረቀት ብትሰጡት እጁ ይተሳሰራል። የተበላሸ ነገር ስጡትና ጉድ እዩ። ልብስ ሰፊዋ አንዴ ደብተሯ ላይ ዘይት ፈሶባት ስትነፋረቅ፣ ከእጇ ነጥቆ ዘይቱን ደመና አደረገው፤ ከሥሩ ዣንጥላው የተገለበጠበት ዳይሬክተር ሳለበት። እያለቀሰች ሳቀች። ከሱ ጋር ተኳርፎ የሚውል ሰው አልነበረም፤ የተጣላውን ያስቀዋል፣ ከሳቁ በኋላ ጥሉ የት እንደገባ አይታወቅም።

ትልቁ ሥራው ግን የስምንተኛ ክፍል የኋላ ግድግዳ ላይ ነው። ከጣሪያው ሥር ተነስቶ፣ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ወለሉ ድረስ የሚወርድ ረጅም ስንጥቅ ነበር። እሱ ዴስክ በዴስክ ላይ ጭኖ እየወጣ ያንን ስንጥቅ የተራራ መንገድ አደረገው፤ ክፍሉን በሙሉም በዚያ መንገድ አስኬደው። እያንዳንዱ ልጅ ቁመቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ቢሆንም ማን ማን እንደሆነ ለመለየት አስረጂ አያሻም። የክፍሉ አለቃ ከፊቱ ጆሮው ቀድሞ ይሄዳል፤ የሚያወሩ ልጆችን ስም የጻፈበት ወረቀት ከኋላው መሬት ለመሬት ይጎተታል። ልብስ ሰፊዋ ያኔም መርፌ ይዛ፣ ከፊቷ የምትሄደውን ልጅ ቀሚስ እየተራመደች ትሰፋለች። ተራራው ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ፣ በእጇ ይዛ ተቀምጣለች።

«እናቴ ናት» ብሎ ነገራት። «ሆስፒታል ስታጸዳ አድራ ስትመጣ እግሯ ያብጣል። እዚያ ላይ እንኳ ትረፍ ብዬ ነው።»

ዳይሬክተሩ አርጩሜ ይዞ ሊገርፈው መጥቶ ነበር። ስዕሉ ላይ ራሱን አልሄድ ያለች አህያ ከኋላ ሲገፋ አገኘውና እየሳቀ ተመለሰ፤ ማንም እንዳይነካውም አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዳይሬክተር ተቀያየረ፣ ክፍሉም ስንቴ ተቀባ፤ ያንን ግድግዳ ግን የደፈረ የለም።

እናቱ አይተውት አያውቁም። ወላጅ አምጣ ሲባል የሚሄደው አጎቱ ነበር፤ እሳቸው ሌሊት ሠርተው ቀን ይተኛሉ። ኋላም ዛሬ ነገ ሲባል ልጅየው ሳንባው ታሞ አልጋ ያዘ፤ ከዚያም አልተነሳ። ከቀብሩ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ልትጠይቃቸው ሄዳ ስለ ግድግዳው አጫወተቻቸው። እናትየው «እኔን ነው የሳለው?» አሉ።

«እርስዎን ነው፣ እማማ። ጫማዎን ይዘው ቁጭ ብለው።»

«እንግዲያው እግሬ ጨርሶ ሳይከዳኝ ወስደሽ አሳዪኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ማለችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

በመሃሉ የክፍሉ አለቃ፣ ዛሬ የትልቅ መጋዘን ባለቤት ሆኖም «አለቃ» ከመባል ያልዳነው ሰውዬ፣ ግሩፑ ላይ ብቅ አለ። ለስንጥቁ መታሰቢያ የስምንተኛ ክፍልን አሳድሰን፣ ስሙ የተቀረጸበት እብነ በረድ እንሰቅላለን አለ። ጭብጨባው ዘነበ። እሷ ወዲያው ደወለችለት። መኪና ውስጥ ነበር፤ ጥድፊያ ላይ ነው።

«አለቃ፣ ስማኝ። ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ የኋላውን ግድግዳ ግን አደራ።»

«ለሱ አታስቢ፤ ሠራተኛውን እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

«አደራ ነው ያልኩህ።»

«አደራሽን ተቀብያለሁ አልኩሽ እኮ፤ ምን ሆነሻል?»

ዘጋው። እሷም ልቧ አረፈ።

ምረቃው ለእሁድ ተቀጠረ። እናትየው ሰው መሃል መቆም ስለማይወዱ ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱቋን ዘግታ ይዛቸው ሄደች። ደረጃውን እያረፉ ወጡት። ትኩስ የቀለም ሽታ ኮሪደሩ ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ደግፋ አስገባቻቸውና ወደ ኋላ ዞረች።

ግድግዳው ነጭ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ አንዲት ጭረት የለበትም።

ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ሆኖ የጣሪያውን ጠርዝ እየጨረሰ ነበር። «ምን አደረግኸው?» አለችው በሹክሹክታ። ሰውዬው ያደነቀችው መስሎት ፈገግ አለ።

«አየሽው፣ እህቴ? እንዴት ያለ ስንጥቅ ነበረበት መሰለሽ፣ የልጅ ሙጭርጭር ሞልቶበት። ሌሎቹን አንድ እጅ ነው የቀባኋቸው። ይሄን ግን ጋሼ ‹የኋላውን ግድግዳ አደራ› ብለውኝ ስለሄዱ፣ ስንጥቁን ፈልፍዬ፣ በስቱኮ ደፍኜ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ሦስት እጅ ሰጠሁት። አሁን ፈልጉት ቢባል የሚያገኘው የለም።»

ወይ አደራ። እንዳትነኩት ብላ የላከችው ቃል አሳምራችሁ ድፈኑት ሆኖ ደርሷል። ሰውዬው ላይ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ትበለው? የታዘዘውን ነው የሠራው፣ ያውም አንጀት በሚያርስ ሥራ።

ንዴቷ መውጫ ያገኘው አለቃው ሲገባ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለውን እብነ በረድ ያሸከማቸውን ሰዎች አስከትሎ እየሳቀ መጣ። እናትየውን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ጨበጠ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ። ለነገ አስበነው ነበር እኮ። እስቲ ይዩት፣ ለልጅዎ ብለን …»

«ስዕሉስ?» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«የቱ ስዕል?»

«ጆሮህን አስረዝሞ የሳለህ ነዋ።»

ትዝ አለው፤ ፊቱ ላይ ታየ። «እሱ እስካሁን ነበር እንዴ? እኔ እኮ ግድግዳው እንዲያምር የፈለግሽ መስሎኝ … አደራ ስላልሽኝ …»

«ዓይንህን በጨው ታጥበህ አደራ አትበለኝ። ክፍል አሳድሳለሁ ብለህ ስትነሳ አንዴ እንኳ መጥተህ አይተኸዋል? በስልክ ነው ያዘዝከው። እሱንም እንደዚሁ ነው ያደረጋችሁት፤ ጠጋ ብሎ ያየው የለም። ቀለሙ ደርቆበት ቤቱ ሲቀመጥ፣ የት ወደቅህ ያለው ማን ነበር? ዛሬ ሲሞት እብነ በረድ መጣ። ለቀራጩ የላክኸውን ስሙን እንኳ እኔን ጠይቀህ አይደል የጻፍከው? ስንት ዓመት አብረኸው ተምረህ ስሙን አታውቀውም።»

«እኛም እኮ እንወደው ነበር» አለ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እውነቱን ነው። ይወዱት ነበር፣ አንድም የሚጠላው አልነበረም። አንጀቷን ያሳረራትም ይኸው ነው። ጠላት ቢሆኑ ትሳደባለች፣ ይወጣላታል። የሚወዱትን ሰው እንዲህ አድርገው የሚደፍኑ ሰዎችን ምን ብላ ትስደባቸው?

እናትየው ወደ ግድግዳው ተጠግተው መዳፋቸውን አሳረፉበት። «እማማ፣ አልደረቀም» አለ ቀለም ቀቢው ከላይ። እጃቸውን አላነሱም።

«ከሰል ባገኘ ቁጥር ቤቴን ይጭርብኝ ነበር» አሉ። «የኩሽናውን ግድግዳ፣ በሩን፣ የአልጋዬን ራስጌ። የኪራይ ቤት ነው፣ አከራያችን ታስወጣናለች እያልኩ በኖራ አጠፋዋለሁ። እሱ ይስላል፣ እኔ አጠፋለሁ። ከሞተ ወዲህ ኖራውን በማንኪያ ስፍቅ ነው የከረምኩት። ምንም የተረፈ የለም። እኔ ያላጠፋሁት አንድ አለ ስትይኝ ነው፣ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት።»

አለቃው አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

«እሺ፣ የቱ ጋ ነበርኩ?» አሉ እናትየው። «ቦታውን እንኳ አሳዪኝ።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ከጣሪያው ሥር ነበር፤ ይህንን ታውቃለች። ግን ወደ መስኮቱ ነበር ወይስ ወደ በሩ? ትናንት ዓይኗን ጨፍና ታገኘው ነበር፤ ስንጥቁን ተከትሎ መውጣት ነው፣ መንገዱ ራሱ ያደርሳል። ጣቷ ነጩ ላይ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ። ሸንግላ አንዱን ቦታ «እዚህ ነበሩ» ልትላቸው ትችል ነበር። አልሆነላትም። ወደ አለቃው ዞረች።

«አንተ አሳያቸው።»

አለቃው እጁን ከኪሱ አወጣ። ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ አየው። ከዚያ እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ።