መርዶ የመሰለኝ ጠዋት

ያን ቀን ጠዋት ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለተኛዋ ልጄ፣ አጥሩን ተሻግራ የመጣችው ጎረቤቴ፣ የአማርኛ መምህርቷና አምስት ተማሪዎቿ ነን። ሌላ ማንም አልነበረም። ይህን የምለው፣ በኋላ የከሚሴ ሰው ግማሹ ነበርኩ ስላለ ነው።

ልጄ ያኔ ለፈተና እየተዘጋጀች ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል፤ "ዘንድሮ ከወደቀች ትምህርቱ ይብቃት፤ አረብ አገር እህቷ ዘንድ ትሂድ።" ታላቋ ከሄደች ጀምሮ እኔ ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ሳይጮህ ሲቀርም እደነግጣለሁ። ሁለተኛዋን መላክ እንኳን ላደርገው፣ ላስበውም አልችልም ነበር።

ልጄን የቸገራት አማርኛ ነው። ቤታችን ኦሮምኛና አማርኛ እየተቀላቀለ የሚወራበት ስለሆነ ቋንቋው አልከበዳትም። የከበዳት መምህርቷ ታሪክ አንብባ፣ "የጸሐፊው ቃና ምንድን ነው? የታሪኩ ድባብስ?" ስትል ነው። ልጄ ለሁለቱም "ሐዘን" ብላ ትመልሳለች፤ ክፍሉ ይስቃል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። በእኛ ጊዜ ታሪኩን በቃል ማለት እንጂ ድባቡን የጠየቀን ስላልነበረ፣ ምን ብዬ ላግዛት? በመጨረሻ "ሆዴን አሞኛል" ብላ ሰኞ ቀረች፤ ማክሰኞም ቀረች።

ረቡዕ ሱብሂ ሰግጄ ስነሳ የግቢው በር ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ከጨፋ ሜዳ በኩል የመጣው ጭጋግ ገና አልተገፈፈም። ስከፍት መምህርቷ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች፤ ከኋላዋ ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ብለዋል። በእኛ አገር መርዶ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ በማለዳ፣ በቡድን፣ በዝምታ።

"አካም ቡልተን" አለችኝ በኦሮምኛ፣ ልታከብረኝ ብላ። ቀጥላም፣ "ባለቤትዎ አሉ?"

መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

"ልጄን! ልጄን በሰው አገር!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴ ምን ሆናችሁ ሳትል ደረቷን እየደቃች መጣች። ባለቤቴ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ ወጣ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም!" አለች መምህርቷ ደንግጣ።

"ወላሂ ማንም አልሞተም!" አለ አንዱ ተማሪ። "ልጅቷ ለምን ቀረች ብለን ነው። ሰው ቤት በጨዋ ደንብ ግቡ ስለተባልን ነው ዝም ያልነው።"

ጎረቤቴ ግን ማልቀሷን አልተወችም። ባለቤቴ "ተይ እንጂ፣ የሞተ የለም" ቢላት፣ "አንዴ ጀምሬዋለሁ፣ ልጨርሰው!" አለችው።

መምህርቷ እጄን ይዛ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ወደ ተማሪዎቹ ዞረች።

"እኚህን እናት ምን ብለን ነው ያስጮህናቸው?"

"እንዴት አደሩ ነው ያልነው፣ ቲቸር።"

"በምን ቃና?"

"በአክብሮት።"

"ታዲያ ግቢውን የሞላው ድባብ ምን ነበር?"

ተማሪዎቹ እኔን እኔን አዩ። ከቤቱ ደጃፍ፣ ብርድ ልብስ እንደደረበች፣ ልጄ መለሰች።

"ፍርሃት።"

"ማን አመጣው?"

"ሰዓቱ። ጭጋጉ። የእናንተ ዝምታ።" ትንሽ አመነታች። "ነጠላዎም አለበት፣ ቲቸር። ቃናው የተናጋሪው ነው፤ የእናንተ አክብሮት ነበር። ድባቡ ግን እማ ላይ የወረደው ነው።"

ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ያን ጊዜ ግን በእሷ አልነበረም የሳቁት። መምህርቷ አጨበጨበች። ባለቤቴ በአንድ ጫማ እንደቆመ፣ "ትወድቃለች የምትሉኝ ይቺን ነው?" አለ። ትወድቃለች ይል የነበረው እሱ ራሱ ነው። ልጄ ፊቷን ታጥባ አብራቸው ሄደች።

በዚያው ሳምንት ታላቋ ደወለች። "ለአፍታ ሞተሽብኝ ነበር" ስላት ሳቀች። ሳቋ ከልብ መሆኑን ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁ፤ ከልብ ነበር፣ አልሃምዱሊላህ።

ልጄ ፈተናውን አለፈች። ባለቤቴ ሰንበቴ ገበያ ሄዶ ፍየል ይዞ መጣ፤ የአረብ አገርን ነገር ዳግመኛ አላነሳም።

ዛሬ ልጄ ጨፋ ሮቢት የአማርኛ መምህርት ናት። አንድ ቀን ክፍሏ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንድ ተማሪ ወደ ውጭ ልካ በሩን በተለያየ ዓይነት እንዲያንኳኳ ታደርገዋለች፤ ውስጥ ያሉት ማን እንደመጣና ምን እንደተሰማቸው ይናገራሉ። ተማሪው በኃይል ሲደበድበው "ፖሊስ!" አሉ። በጣም ቀስ ብሎ ሲነካው ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ "የቲቸር እናት የጮሁበት!" ብለው ጮሁ። እኔ መሆኔን አላወቁም። ልጄ ከሰሌዳው አጠገብ ሆና አየችኝ፤ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ያቺ የልጄ መምህርት ግጭት ተነስቶ መንገድ በተዘጋበት ዓመት ወደ አገሯ ሄደች፤ ስልኳም ከዚያ ወዲህ አይሠራም። አጠር ያለች ናት፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ያለችበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።