ቆሞ መጣል

ከሚዛን ከተማ የወጣሁት ገና ሳይነጋ፣ በዝናብ ነው። የጁዶ አሰልጣኜ ጋሽ ታምሩ የተቀቀለ ጎደሬ በፌስታል ይዘው መናኸሪያ መጡና፣ “በርታ፣ እንዳትረሳን” ብለውኝ ፊታቸውን አዞሩ። እናቴ፣ ባለቅስ መንገዱ ይከብደዋል ብላ ከቤት አልወጣችም።

ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ባሕሩን እንዴት እንዳለፍኩ አልነግራችሁም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። ብቻ ጀርመን ገባሁ። እዚህም ይዘንባል፤ ግን ምን ያደርጋል፣ የእኛ ሲያባራ ምድሩ ይሸታል፣ የዚህ ዝም ብሎ ያበርዳል። ድንቹንም ጎደሬ ነው እያልኩ እውጠዋለሁ።

የስደተኞች ቢሮዋ ሴትዮ ሙያዬን ጠየቀችኝ።

“ሰው መጣል” አልኳት።

አስተርጓሚው የጎንደር ልጅ ነው። “ኧረ ወንድሜ፣ እንዲህ ብለህ አታስጽፍ፣ ያባርሩሃል” አለኝና ጁዶ ብሎ አስጻፈልኝ። የጁዶ አሰልጣኝነት ፈተና ካለፍኩ ሥራ አለ፤ ሥራ ካለ መኖሪያ ፈቃድ አለ። ፈቃዱን ካገኘሁ እናቴን ደርሼ አይቼ እመለሳለሁ። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ሳታየኝ እንዳይጠፋ እፈራለሁ።

ሚዛን ሳለሁ የተማርኩት መጣል ብቻ ነው። እዚህ ግን አጣጣሉ ሁሉ የእጅ፣ የዳሌ፣ የእግር፣ ደግሞ ጣዩ ራሱ የሚወድቅበት እየተባለ ተመድቧል፤ ስሙም በጃፓንኛ ነው። ሸመደድኩት። በፈተናው ቀን ሽበታሙ ፈታኝ፣ “ኦጎሺ፣ የዳሌ” አለኝ። አብሮኝ የሚለማመደውን ጓደኛዬን በዳሌዬ አንሥቼ ጣልኩት፤ አብሬውም ወረድኩ።

“ይህ የዳሌ አይደለም። ጣዩ የሚወድቅበት መደብ ነው።”

“ሰውዬው ወድቋል አይደል እንዴ?”

“ወድቋል። ግን በሌላ መደብ ነው የወደቀው።”

ደገምኩት፤ አሁንም አብሬው ወረድኩ። አላለፍክም ተባልኩ።

ተናድጄ ጋሽ ታምሩ ጋ ደወልኩ። “ጋሼ፣ ምነው ቆሞ መጣል ሳያስተምሩኝ ቀሩ?”

እሳቸውም፣ “ልጄ፣ የእኛ ወለል ሲሚንቶ ነው። በከረጢት የቡና ገለባ ሞልተን ብናነጥፍም ዝናብ ሲነካው ይጠጥራል። ይዛችሁት ካልወረዳችሁ የጓደኛችሁ አንገት ይሰበራል። እኔ የማንን እናት ዓይን አያለሁ?”

እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን፣ “እዚያስ ወለሉ ምንድን ነው?” አሉኝ።

“ፍራሽ ነው ጋሼ፤ ለስላሳ።”

“በል እንግዲያ ልቀቀው። አይጎዳም።”

ይኸው እለማመዳለሁ። ፍራሹ ለስላሳ መሆኑን አውቃለሁ፤ እጄ ግን እምቢ ይለኛል። እናቴ በስልክ፣ “መቼ ነው የማይህ?” ትለኛለች። “እጄ መልቀቅ ሲለምድ” አይባል ነገር፤ “በቅርቡ፣ እማዬ” እላታለሁ።