የካባው አምባዛና ያልበጠስኩት ገመድ

ወደ ድንጋይ ካባው ውሃ ውሰጂን ካላችሁ እሺ፣ እወስዳችኋለሁ። ግን መጀመሪያ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ያ ውሃ አንድ ቀን ምን እንዳደረገን ስሙ። ላስፈራራችሁ አይደለም። እኔ ፈርቼ የተውኩት ነገር የለም፤ እናንተም ፈርታችሁ እንድትተዉ አልፈልግም።

ወሩ ኅዳር ነበር፣ ቀላል ባቡሩ ገና ሥራ የጀመረ ሰሞን። ኅዳር እንጦጦ ሥር እንዴት እንደሚያድር ታውቃላችሁ፤ ጠዋት ሳሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ታናሽ ወንድሜ ታምራት ነው፤ ጫሞ ሐይቅ ዳር አብረን አድገን፣ የካ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር። ሌላው ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ድሮ እዚያው ተራራ ጥግ ገብስ ያርሱ ነበር፤ መሬቱ ለድንጋይ ማውጫ ሲወሰድ የካባው ዘበኛ ሆኑ። ድንጋዩ አልቆ ካባው ሲተው ጉድጓዱን ዝናብና ምንጭ ሞላው። የሆነ ሰው ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ ጨምሮበታል ይባል ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን «በዚያ ብርድ ምን ዓሣ ይኖራል? ደግሞስ ሴት ዓሣ አጥማጅ የት ታየ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ይሳቅ። እኔን ያስጨነቀኝ ታምራት ነው። ከተማው አልሆነለትም። መገናኛ ሸክም ሞከረ፣ ግንበኛ ሥር ሠራ፣ ሁሉም አንገሸገሸው። «ከዚህ ውሃ ዓሣ ካልወጣ ወደ አርባ ምንጭ እመለሳለሁ» አለኝ ቁርጡን። ወላጆቻችን አልፈዋል። እሱ ከሄደ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል የእኔ የምለው ሰው አይኖረኝም። ዓሣ ከተገኘ ግን ለጾሙ እያጠመድን ለምግብ ቤቶች እናቀርባለን፣ አብረን እንከርማለን።

ስለዚህ ጫሞ ላይ እንደለመድነው ጎህ ሳይቀድ መውጣት ጀመርን። እዚያ ፀሐይ ከበረታች ዳሩ ይሞቅና ትንንሾቹ ዓሦች ወደ ጥልቁ ይሸሻሉ፤ ትልልቆቹም ተከትለዋቸው ይወርዳሉ። ንጋት ላይ ዳሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው ሁሉም የሚወጡት። እኛም ደጋ ላይ ቆመን የቆላ ዓሣ ስንጠብቅ ከረምን! መንጠቆው ባዶውን ገብቶ ባዶውን ይወጣል። ጣታችን ደንዝዞ ትል መሰካት ያቅተናል። ታምራት ልብሱን ማጠፍ ጀመረ።

አንድ ቀን እሱ ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን ሲሰበስብ፣ እኔ እግሬን ልታጠብ ወደ ማዶው ዳር ዞርኩ። ቀትር አልፏል። ከሰዓት የሚነሳው ነፋስ የባሕር ዛፉን ቅጠል ከውሃው ላይ ጠርጎ፣ ፀሐይ ስትመታው የዋለችው የካባው የድንጋይ ግድግዳ ሥር አከማችቶታል። እግሬን ብነክር ውሃው ለብ ያለ ነው! ለካ ነፋሱ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ላይ ላዩን የሞቀውን ውሃም ወደዚያው ነድቶታል። ከቅጠሉ ሥር ጣት የሚያካክሉ የቆሮሶ ጫጩቶች ይርመሰመሳሉ። ቆሜ ሳያቸው ድንገት ተበተኑና እንደሚፈነዳ ፈንዲሻ ከውሃው በላይ ዘለሉ፤ ከሥራቸው ውሃው ደፈረሰ። የአምባዛ ዱካ ማለት ይህ ነው።

«ታምራት፣ ና! እየበላ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ማጥመጃችን ጫፉ ላይ ትልቅ መንጠቆ፣ ለክብደት ደግሞ አሮጌ ብሎን የታሰረበት ወፍራም የናይለን ገመድ ነበር። አንዷን ጫጩት በነጠላዬ አፈስኩና ሰካኋት። ገመዱን ጀልባ ላይ እንደማደርገው እጄ አንጓ ላይ ጠመጠምኩና ወረወርኩ። ብዙም አልቆየ። ገመዱ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ቆመ፣ ከዚያ ክንዴን ከትከሻዬ ሊነቅለው ምንም አልቀረው። ጭንቅላቱ አንዴ ብቅ ሲል አየሁት፤ አካፋ ያክላል። የቆምኩበት ድንጋይ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር የለበሰ ነው፤ ተንሸራትቼ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ገደል ነው።

«ብርቱካን፣ በጥሺው!» አሉ ጋሽ ቶሎሳ ከላይ።

«አልበጥስም!»

«ትሞቻለሽ እኮ! በጥሺው እልሻለሁ!»

«አልበጥስም አልኩዎት፣ ጋሼ! ወገቤን ይያዙኝ!»

ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ ይበልጥ ነበር። ያ ዓሣ ከሄደ ወንድሜም ሄደ።

ጋሽ ቶሎሳ ወርደው ወገቤን ጨምድደው ያዙኝ። ታምራት ግን ለእኔ ፈርቶ ቢላዋ መዝዞ መጣ። ገመዱን ሊቆርጥ ጎንበስ ሲል እሱንም አዳለጠውና ከነቢላዋው ገደሉ ውስጥ ገባ። ታምራት እኮ ዋናተኛ ነው፤ በሞቀ ውሃ። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ውሃ ግን በረዶ ነው። አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣውም። እጁ ደርቆ ቀረ። ዓይኑ እኔ ላይ እንደተተከለ ወደ ታች መሄድ ጀመረ።

«ገመዱን! ገመዱን ያዝ!»

ገመዱ ፊቱ ላይ ተወጥሮ ነበር። እንደ ምንም ብሎ ክንዱን ጣለበትና ተጠመጠመበት። አሁን ዓሣው ወደ ጥልቁ ይጎትታል፣ እኔ ወደ ድንጋዩ እጎትታለሁ፣ ወንድሜ መሀል ላይ ነው። ገመዱ ሥጋዬን ቆርጦ ገባ። ጋሽ ቶሎሳ «ጀባዹ! በርቺ!» እያሉ እኔን ወደ ኋላ ይስባሉ። ከዚያ ድንገት ላላ። መንጠቆው ተቃንቶ ዓሣው አምልጧል። ወደ ኋላ ተንጋለልን፤ ታምራትም ከገመዱ ጋር ተስቦ ድንጋዩ ላይ ደረሰ።

በጋሽ ቶሎሳ ጋቢ ጠቀለልነው። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እኔ እያለቀስኩ እሰድበዋለሁ፦ «ቆርጠኸው ቢሆን ኖሮ ምን ትይዝ ነበር? ንገረኝ እስቲ፣ ምን ትይዝ ነበር?»

እሱ ግን የሚያየው ውሃውን ነበር።

«እትዬ፣» አለ፣ «ነገም ከሰዓት ነው የምንመጣው?»

ያን ዓሣ አላገኘነውም። ወንድሞቹን ግን አግኝተናቸዋል፤ ታምራትም አርባ ምንጭ የሚሄደው ለዘመድ ጥየቃ ብቻ ሆነ።

እንግዲህ ከእኔ ጋር የሚመጣ ሰው መጀመሪያ እግሩን ይነክራል። ትንንሾቹ ዓሦች ቆላ ላይ ከሙቀት ይሸሻሉ፣ እዚህ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ እነሱ ያሉበት ሳይታወቅ መንጠቆ አይወረወርም። ገመድ ከዛፍ ጋር እንጂ ከእጅ ጋር አይታሰርም። ይህን ጠባሳ እዩት። ሐኪሙ «ይህ እጅ ከእንግዲህ አይጨብጥም» ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ይጨብጣል። «በጥሺው» የሚለኝ ሰው ዛሬም አላጣሁም። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ ወገቤን ያዝ እንጂ ቢላዋ ይዘህብኝ አትምጣ።