ለትምህርት የሚሆን ቅቤ

ባሌ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ቆቦ ላይ «መላጣው ቲቸር» ካልክ ማንም ባለባጃጅ ሳይጠይቅህ ደጃችን ድረስ ያመጣሃል። ከዋጃ እስከ ሮቢት ያስተማረው ሰው ብዛቱ! አብረን መንገድ ከወጣን ሰላምታው አላራምድ ይለንና ገበያዬ ያልፍብኛል። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ከእሱ የተማረውን እንግሊዝኛ ስትጠይቀው መጀመሪያ የሚነግርህ አንድ ቃል ነው፤ በተር። ቅቤ ማለት ነው። ቅቤዋ ደግሞ የኔ ነበረች።

እንዴት እንደሆነ እኔ ልንገርህ። እሱ ሲያወራው ያሳጥረዋል፤ አስተማሪ ነዋ፣ ደወል የሚደወልበት ይመስለዋል። እኔን የሚያጣድፈኝ የለም።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። እኔ አስካለ የአራጌ ልጅ፣ ቆቦ ገበያ ቅቤ እሸጣለሁ። ከጎኔ ሱአድ በርበሬ ትሸጣለች፤ ጓደኛዬ ናት፣ ምላሷ ከበርበሬዋ ይብሳል። አንድ የገበያ ቀን፣ ገና በሠላሳ ዓመቱ ራሱ የተመለጠ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ የሚወርድ ሰው መጥቶ ፊቴ ቆመ። ደገኛ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለለ ነው የደረሰው።

«ቅቤ ፈልጌ ነበር» አለኝ።

«ለወጥ ነው ለራስ?» አልኩት። የራስ ቅቤና የወጥ ቅቤ ይለያያላ! ግን «ለራስ» ስል ዓይኔ ሳላስበው ወደ መላጣው ሄደ። ሱአድ አፏን በሻርፗ ያዘች።

«ለትምህርት ነው» አለ።

«ለምን?»

«ለትምህርት። ተማሪዎቼ ይማሩበታል።»

«ያረቢ!» አለች ሱአድ። «ደብተር ጠፋ እንዴ ከሱቅ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ተቆጥቶ ይሄድ ነበር። እሱ እንደኛው ሳቀና ቁጢጥ ብሎ ያስረዳን ጀመር። ስሙ ዋሲሁን ነው፣ የደብረ ታቦር ልጅ። መንግሥት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት መድቦታል። የራያን ጎረምሳ ደግሞ ታውቃለህ፤ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ሚዶውን ሰክቶ፣ ቅቤውን ጣል ሳያደርግ ከወጣ ራቁቱን የወጣ ይመስለዋል። ፀሐዩ ሲበረታ ቅቤው እየቀለጠ ደብተሩ ላይ ይንጠባጠባል። ወረቀቱ ወዲያ ማዶ ያሳያል፣ እስክሪብቶም አይዝ። ርዕሰ መምህሩ መረራቸውና ቅቤ የተቀባ ክፍል እንዳይገባ ብለው ከለከሉ። ጎረምሶቹም «እንዲህ ከሆነማ ትምህርታችሁ ይቅርብን» ብለው ወደ ከብታቸው ተመለሱ። ቀድሞ የቀረው ሙህሲን የሚባለው ነው፤ በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ የነበረ ልጅ። ዋሲሁንን ያንገበገበውም ይሄ ነው።

«ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉኝ» አለ። «አሁን ቅቤውን ራሱን ላስተምራቸው ነው። በእንግሊዝኛ በተር ማለት ቅቤ ነው። በተር ማለት ደግሞ ቅቤ መቀባት ነው። አንዱ ቃል ስምም ነው፣ ግሥም ነው።»

«ምን ዓይነት ስንፍና ነው!» አልኩት። «ሌላ ቃል ማውጣት አቃታቸው?»

«ስንፍና አይደለም፣ ቁጠባ ነው።»

«ኧረ ወዲያ!»

አመል አለበት፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀውም። ቃል ሰሌዳ ላይ ስለተጻፈ ብቻ የተማሩት አይመስለውም። ዕቃውን ያመጣና በእጅ ያስይዛል፤ «ይሄ ስሙ ነው» ይላል። ከዚያ ሥራውን ያሠራል፤ «ይሄ ደግሞ ግሡ ነው።» ዋተርን ሲያስተምር ተማሪውን ሁሉ እያሰለፈ የትምህርት ቤቱን ችግኝ ውሃ አስጠጥቷል። ሚልክን ሲያስተምር ላም አስመጥቶ፣ ራሱ ላልብ ብሎ ገብቶ፣ ረግጣው ሰንብቶ እያነከሰ አስተምሯል። ይሄን ሁሉ እንደ ጀብዱ ነው የሚነግረን፣ ሞኝ!

ቅቤዋን በቅጠል ጠቅልዬ ሰጠሁት። ተቀብሎ አልሄድ አለ።

«ነገ አንቺም ብትመጪ ደስ ይለኛል» አለኝ። «እኔ ቅቤ ቀብቼ አላውቅም፤ እንዳላበላሽባቸው።»

እምቢ ልል አፌን ስከፍት ሱአድ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። «ትመጣለች» አለችው።

በማግሥቱ ትምህርቱ ከአጥሩ ውጭ፣ ግራር ሥር ሆነ። ርዕሰ መምህሩ የከለከሉት ክፍል መግባትን ነው፣ ስለ ግራር ያሉት ነገር የለም፤ ተንኮሉ ይቺ ናት። ጎረምሶቹም ወሬው ደርሷቸው መጥተዋል። ግን አልተቀመጡም፤ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ራቅ ብለው ቆመዋል፣ ጎፈሬያቸው እያብረቀረቀ።

ዋሲሁን ቅቤውን ከነቅጠሉ ከፍ አድርጎ ያዘ። «ዚስ ኢዝ በተር!»

«ዚስ ኢዝ በተር!» አሉ ሕፃናቱ።

«ይሄ ስሙ ነው። አሁን ግሡን እንሥራ። ማን ይቀባ?»

 ሙህሲን ከጎረምሶቹ መሀል ወጣ አለ።

«ቲቸር፣ እኛማ ተቀብተን ነው የመጣነው» አለ። «እዚህ ያልተቀባ ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አስተማሪ ላይ እንዲህ ይባላል? ዋሲሁን ግን ጥቂት አሰበና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አንገቱን ደፋ አደረገ።

«እውነትህን ነው፤ ና ቀባኝ። ግን በእንግሊዝኛ እየተናገርክ።»

ሙህሲን ቅቤውን በመዳፉ ዛቅ አድርጎ መጣ። ከመላጣው በላይ እጁን አንሥቶ ቀረ፤ ከየት እንደሚጀምር ግራ ገባው፣ የሚይዘው ፀጉር የለ! ወደኔ አየ። «ከመሀል ጀምር» አልኩት። ለጥ አደረገው።

«አይ በተር... አይ በተር ቲቸር!»

«አይ በተር ቲቸር!» አለ ተማሪው ሁሉ። ኧረ የዚያን ቀን ሳቅ! ዱላ ተጥሎ፣ ጎረምሳው ከሕፃኑ ጋር መሬት እየተንከባለለ። ቅቤው በግንባሩ ወርዶ፣ በቅንድቡ አልፎ፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ እሱ አሁንም አንገቱን ደፍቶ «ቬሪ ጉድ! ቬሪ ጉድ!» ይላል። ርዕሰ መምህሩ ጩኸቱን ሰምተው ተቆጥተው ወጡ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ያንን ራስ ሲያዩ አጥሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ በኋላ በምን አንደበታቸው ይከልክሉ? ደብተር በላስቲክ ይሸፈን፣ ራስ ላይ ሻሽ ጣል ይደረግ ተባለና ሁሉም ተመለሱ።

ምን ልደብቅህ፣ እዚያው ወደድኩት። አንድ ተማሪ እንዳይቀርበት ብሎ መላጣውን ለቅቤ የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

እሱም ከዚያ ወዲያ ገበያ ሳይመጣ የዋለበት ቀን የለም። ሱአድ «የትምህርት ቅቤ የሚገዛው መጣልሽ» እያለች መንገደኛ ታስቃለች። ቁጢጥ ይልና ቃል ይነግረናል። ኮምብ ሚዶም ነው ማበጠርም ነው። ሶልት ጨውም ነው ጨው መጨመርም ነው። ኔም ስምም ነው ስም ማውጣትም ነው። አንድ ቀን ሱአድ አቋረጠችው።

«ቆይ እስኪ መምህር፣ አንዷን ለምን ትዘላታለህ?»

«የትኛዋን?»

«ሚኒባሱ ሁሉ ላይ የተለጠፈችውን፣ ልብ የተሣለባትን! እሷስ ስም ናት ግሥ?»

ዋሲሁን እንደ በርበሬው ቀላ። «ሁለቱም ናት» አለና ቅቤውን ሳይይዝ ሄደ። እኔ ሱአድን መታኋት። እሷ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ።

ግን የሚያስጨንቅ ነገር ነበረ። አባቴ አራጌ ሰው አክባሪ ነው፤ እንግዳ ይወዳል፣ ለልጁ ግን እንግዳ አይወድም። ከዚያ በፊት አንድ የግብርና ሠራተኛ ሽማግሌ ቢልክ አባቴ «መንግሥት ያመጣውን መንግሥት መልሶ ይወስደዋል፣ ልጄን ምን ብዬ አስከትዬ ልላክ?» ብሎ መልሷቸዋል። ወንድም የለኝም፤ ለአባቴና ለእናቴ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እና የአባቴን ፍርሃት አውቃለሁ፤ ልፈርድበት አልችልም።

አንድ ቀን ሱአድ ገና በርበሬዋን ሳታወርድ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። «ሰማሽ? የዋሲሁን ዝውውር ወጥቷል አሉ። ወደ አገሩ ሊሄድ ነው።»

ቅቤዬን ለሱአድ ጥዬላት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መሄድ አይባልም፣ ሮጥኩ። ከክፍል ሲወጣ ያዝኩት።

«ልትሄድ ነው አሉ!»

«ዝውውሩ ገና እንደመጣሁ ያመለከትኩት ነው፤ አንቺን ሳላውቅ» አለኝ። «እኔም ትናንት ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ልጠይቅሽ ሌት ተቀን አስባለሁ፤ እዚህ አገር እናት የለኝ አባት የለኝ። ማንን ሽማግሌ አድርጌ አባትሽ ደጅ ልላክ?»

«ትጠይቀኛለህ ወይስ አትጠይቀኝም?»

«እጠይቅሻለሁ!» ብሎ ጮኸ። ተማሪዎቹ በመስኮት ተንጋግተው ያያሉ። እፍረቴ ያኔ ነው የመጣው። ፊቴን ሸፍኜ ወጣሁ።

ሰሚው ሙህሲን ነበር። ለአባቱ ለአያ ሙሐመድአሚን ነገራቸው፤ እሳቸውም ለሌላው ነገሩ፣ ሌላውም ለሌላው። እኛ ምንም አላወቅንም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ በር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ከታች እየመጣ አየ። ነጭ ጋቢ፣ ኮፍያ፣ ጥምጥም፣ ዱላ፤ ሼኩም አሉ፣ ቄሱም አሉ።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አለ አባቴ ደንግጦ።

«አብሽር አያ አራጌ፣ የሞተ የለም» አሉ ሙሐመድአሚን። «የምንለምንህ ነገር አለ።»

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ሳትሰማን አንቀመጥም።»

አባቴ ገባው። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ።

«የማን ልጅ ነው?» አለ አባቴ።

«የኛ።»

«የእናንተን ልጆችማ አውቃቸዋለሁ።»

«ልጆቻችን ትምህርት ጥለው ከብት ሲከተሉ በየቤታችን እየዞረ የለመነው ነው። ለሙህሲኔ ሲል ራሱን ያስቀባው» አሉ ሙሐመድአሚን። «ወላሂ፣ እኔ አባቱ ያን ያህል አልለመንኩትም። የኛ ካልሆነ የማን ይሁን?»

አባቴ የቆሙትን አንድ በአንድ አያቸው። እኔ እናቴን ጨምቄ ይዣታለሁ። እምቢ ካለ ዋሲሁን ይሄዳል። ሄደ ማለት ደግሞ ደብረ ታቦር ነው፤ በምን እግሬ እደርስበታለሁ?

«ሰውየው የት አለ?» አለ አባቴ።

አልቀረም እንጂ መቅረት ነበረበት፤ ደንብም አይደል፣ አግቢ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። እሱ ግን አላስችል ብሎት ከአጥሩ ውጭ ወዲያ ወዲህ ሲል ነበር። ጠርተው አስገቡት። ላቡ፣ እግዚኦ!

«ዝውውርህ ወጥቷል ሲሉ ሰማሁ» አለው አባቴ።

«አዎ፣ ወጥቶ ነበር።»

«ነበር?»

«ዓርብ ዕለት አልፈልግም ብዬ ትቼዋለሁ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።»

ሽማግሌዎቹም አላወቁም ነበር፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ልጄን ሳልሰጥህ?»

«ሳይሰጡኝ።»

«ዛሬ እምቢ ብልህስ?»

«እዚሁ ቆቦ እኖራለሁ» አለ ዋሲሁን።  «እምቢታዎ ያሳዝነኛል። ግን ከዚህ አገር የሚያስወጣኝ አይደለም።»

አባቴ ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። «ሽማግሌዎች፣ ስላከበራችሁኝ እግዚአብሔር ያክብራችሁ» አለ። «ሴት ልጄን ግን አልሰጥም።»

መጋረጃውን ለቀቅኩት። 

«ልጅ መስጠት ከቤት ማስወጣት ነው፤ እኔ ከቤቴ ማንንም አላስወጣም» አለ አባቴ። ከዚያ ሄዶ ዋሲሁንን በክንዱ ያዘውና በራሱ መቀመጫ አጠገብ አስቀመጠው። «እሱ ይግባ እንጂ። ወንድ ልጅ ነበር ያጣሁት፣ ይሄው አመጣችሁልኝ። በሉ አሁን ተቀመጡ!»

ባሌ ስሙንም ግሡንም አጣው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ሙሐመድአሚን ጀርባውን እየመቱ «በል እንጂ፣ በል እንጂ» ይሉታል።

እልልታው ከጓዳ መጣ። እናቴ ናት ብለው ነበር ሁሉም፤ እናቴ እንኳ ገና እንባዋን እየጠረገች ነው። እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም፣ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። አላስቻለኝም፣ ደግሜ አልኩት።