እዚህ ድረስ የሚመጣ የለም

ባሌ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ነበር። መንገድ ላይ ሰው አስቁሞት ፋርማሲ ቢጠይቀው፣ ሰፈሩን ረግጦት የማያውቅ ቢሆን እንኳ «ቀጥ ብለህ ሂድና ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይላል። ስንቱን ምስኪን ወደ ቀኝ አሳጥፎ እንዳጠፋው እሱ አንዱ ይወቅ። ክንዱን ቆንጠጥ አድርጌ «ለምን አላውቅም አትለውም?» ስለው፣ «ሰውየው ተስፋ ይቆርጣላ!» ብሎ ይስቃል። ክፋት የለበትም። የጠየቀው ሰው ባዶ እጁን እንዳይመለስ ብሎ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አዋቂ መባልም ይጥመዋል።

ይህን አመል ያስያዘችው ታላቅ እህቱ ናት ባይ ነኝ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተችባቸው ያሳደገችው እሷ ናት። ነርስ ናት። ለራሷ ሳይደላት እሱን አስተምራ ለዚህ አበቃችው። እሱም እኔም «እትዬ» ነው የምንላት፤ እሷ ግን ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ «ማሙሽ» ትለዋለች። ጎረቤት በተሰበሰበበት «ማሙሽ የማያውቀው ነገር የለም» ስትልለት ያደገ ሰው፣ አላውቅም ማለትን ከየት ይልመደው?

ሥራው ኮድ መጻፍ ነው። በልጃችን አልጋና በመስኮቱ መሃል በተሸጎጠች ጠረጴዛ ላይ ሲጽፍ ይውላል። ከሠራው ሁሉ የሚኮራባት አንዲት ትንሽ ላይብረሪ አለችው። ላይብረሪ ሲሉ መጽሐፍ ያለበትን ቤት አይደለም፤ አንዱ ጽፎ ያስቀመጠውን ሌላው ፕሮግራመር አንስቶ በራሱ ሥራ ውስጥ የሚከተው ቁራጭ ኮድ ነው። የእሷ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ያረፈችበት ኮምፒውተር በየትኛው አገር ሰዓት እንደሚሄድ ፈልጎ ማግኘት። «ሰዓቱን ማየት አይበቃም እንዴ?» ብዬው ነበር። አይበቃም። ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ሌላ፣ የማን ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ሌላ ነው አለኝ። አንዱ ኮምፒውተር የከተማውን ስም አንድ ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው ሌላ ቦታ፣ ሦስተኛው ጭራሽ ራሱ ባወጣለት ስም ይጠራዋል። ላይብረሪዋ በየተራ እያንኳኳች ትጠይቃለች። አንዱ በር ካልተከፈተላት ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ሁሉም ዝም ካሏት «ዜሮ» ትላለች፤ የዓለም ሰዓት ሁሉ ከሱ ተነስቶ የሚቆጠርበት ማለት ነው፣ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ የቀረ። ከዚያች የመጨረሻ መስመር አጠገብ ባሌ ለራሱ ማስታወሻ ጽፎባታል፤ «እዚህ ድረስ የሚመጣ የለም» ትላለች።

እትዬ የምትሠራበት ክሊኒክ የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ ደወል ሲፈልግ «ማሙሽ አለ አይደል!» ብላ ሥራውን ለሱ አመጣችለት። ሠራላቸው። የሕመምተኛው ስምና የመድኃኒቱ ሰዓት ይገባል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ነርሶቹ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ይጮኻል። ያቺንም ላይብረሪ እዚያው ውስጥ ከተታት። ደወሉ መጀመሪያ የጮኸ ቀን እትዬ በኮሪደሩ ላገኘችው ሁሉ «ወንድሜ ነው የሠራው» ስትል ዋለች አሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ቴክኒሻኑ መጥቶ አሮጌውን ኮምፒውተር በአዲስ ቀየረና፣ የቀረችዋን ነገር ከሰዓት በኋላ እጨርሳታለሁ ብሎ ሄደ። ተረኛዋ እትዬ ነበረች። ከምሳ በፊት የስኳር መርፌ የሚወጉ አንድ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ተኝተው ነበር። ደወሉ አልጮኸም። እትዬ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይጠራኛል ብላ አምናው መርፌው አለፈ። ሽማግሌው ምሳቸውን በሉ፤ ስኳራቸው ሰማይ ነክቶ ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን ሳቱ። ሐኪሞቹ ተሯሩጠው አተረፏቸው እንጂ አልቆላቸው ነበር። በግርግሩ መሃል ደወሉ ሲጮህ አንዷ ነርስ እየሮጠች ሄዳ ዝም አሰኘችው። ለምን አሁን ጮኸ ብሎ የጠየቀ የለም። ቴክኒሻኑም ተመልሶ የጎደለውን አስተካክሎ ሄደ።

በማግስቱ የነርሶቹ ኃላፊ ደወለች። ባሌ ልጁን ገንፎ እያበላ እጁ ስለተያዘ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈትኩለት።

«ይቅርታ፣ ምሳ ላይ አቋረጥኩዎት መሰል» አለች። «ትናንት ከምሳ በፊት መጮህ የነበረበት ደወል አልተሰማም የሚል ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ግን በሰዓቱ ጮኋል ይላል። ሳይጮህ ጮኋል ሊል ይችላል?»

እስቲ ልየው ማለት ምን ከበደው? አንዲት ቃል ናት።

«በፍጹም!» አላት። «እሱ ነገር አይሳሳትም፣ እመኑኝ።»

ማንኪያውን ወደ ልጁ አፍ መለሰ። ተረኛዋ ማን እንደነበረች እንኳ አልጠየቀም።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ እትዬ መጣች። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከኮምፒውተሩ መቀየር ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ነገረችን። «እኔ ደወል አልሰማሁም» አለች። «ኮምፒውተሩ ግን ጮኋል ይላል፤ ማሙሽም አይሳሳትም ብሏል። ስለዚህ እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናላ። ይሄንኑ ለኃላፊዋ ነገርኳት።»

እኔ ባሌን አየሁት። አሁንም ጊዜ ነበረው።

«ድካም ነው እትዬ» አላት በሀዘኔታ። «በማንም ላይ የሚደርስ ነው።»

ከሕመምተኛ አነሷትና አንሶላ ማጠፍ ላይ አዋሏት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ትንፋሽ ስትቆጥር የኖረች ሴት የትራስ ጨርቅ ስትቆጥር ዋለች። እሱን ቻለችው። ያልቻለችው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ስትመጣ ወንበር አትደገፍም። ወሬ መሃል ተነስታ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ትታጠባለች። ድሮ ገና ከበሩ ሳትገባ «ስጪኝ ይሄን ወፍራም!» ብላ ከእጄ የምትነጥቀውን ልጅ፣ እንኪ ስላት ሁለት እጇን ወደኋላ ሰበሰበች።

«ይቅርብኝ የኔ እመቤት» አለችኝ። «ሸለብ ቢያደርገኝና ብጥለውስ? እኔ እንደሆንኩ ሲወስደኝም አይታወቀኝም።»

አንጀቴን በላችው።

ነገሩ የወጣው ከሩቅ ነው። ባሕር ማዶ ያለ፣ በዓይን አይተነው የማናውቀው አንድ ፕሮግራመር ለባሌ መልእክት ላከለት። አዲስ ኮምፒውተር ነው፣ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ ገና አልሞላሁበትም፤ የአንተ ላይብረሪ ግን ምንም ሳትል ዜሮ ነው ብላ ቁጭ አለች፣ ይላል። መጨረሻው ላይ «ካላወቀች ለምን አላወቅሁም አትልም?» የሚል ጥያቄ አለው። ባሌ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ «አዲስ ኮምፒውተር» የሚለውን ደግሞ አነበበውና ክው ብሎ ቀረ። ፊቱ አመድ ሲመስል ሰው የሞተ መስሎኝ ተጠጋሁ። ጣቱን «እዚህ ድረስ የሚመጣ የለም» ከምትለው መስመር ላይ አድርጎ፣ «እትዬ መጥታ ነበር» አለኝ።

ቴክኒሻኑ ለከሰዓት ያቆያት ነገር ይህችው የአገር ሰዓት ነበረች፤ በግርግሩ መሃል የጮኸውም የምሳው ደወል ነው። ደወሉ በሰዓቱ ጮኋል፤ በሰው አገር ሰዓት።

መስመሯን ወዲያው ሰርዞ፣ ላይብረሪዋ ስታጣ አጣሁ ብላ እንድትቆም አደረጋት። ለባሕር ማዶው ሰው አመስግኖ መለሰለት። ለእህቱ ግን ትንፍሽ አላለም። እሷ ስትመጣ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ይወጣል፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ። እኔም ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል ብዬ ታገስኩ። አንድ ከሰዓት እትዬ ፊቷን ታጥባ ፎጣ ስትፈልግ ሳያት ግን ትዕግሥቴ አለቀ። እሷን ሸኝቼ ተመለስኩና አፈጠጥኩበት።

«ኮድህንስ አስተካከልክ። እህትህን ማን ያስተካክላት?»

«በምን ዓይኔ ልያት?» አለኝ።

«ባለህ ዓይን!»

አለቀሰ። ሲያለቅስ ሳየው አዘንኩለት፣ ግን አላባበልኩትም። ባሌን እወደዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አፈርኩበት።

በማግስቱ ክሊኒኩ ሄዶ ለኃላፊዋ ተናዘዘ። እትዬን ወደ ሥራዋ እንደምትመልሳት ነገረችውና «ለእሷ ግን እርስዎ ራስዎ ይንገሯት» አለችው። ማምለጫ አልሰጠችውም፣ እግዜር ይስጣት።

እትዬን ጠራናት። እንደ ልማዷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባሌ ፊቷ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ስለ አዲሱ ኮምፒውተርና ስለ ዜሮዋ ነገራት። ስለ ላይብረሪዋ ዙሪያ ጥምጥም ሊሄድ ሲል ቆረጠችው።

«አልተኛሁም ነው የምትለኝ?»

«አልተኛሽም እትዬ።»

ቦርሳዋን ከጉልበቷ አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ኃላፊዋ የደወለችልህ ቀን ከፍተህ አይተኸው ነበር?»

«አላየሁትም።»

«ታዲያ ለምን አይሳሳትም አልካት?»

ቀኝና ግራ የሚያሳየው ጣቱ ሱሪው ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዙሪያውን ቢያይ የሚረዳው አልነበረም፤ እኔም ልጁን አቅፌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«አላውቅም» አለ።

ዕድሜ ልኬን ልሰማት የጓጓሁላት ቃል ስትወጣ ደስ አላለችኝም።

እትዬ ትኩር ብላ አየችው። አልጮኸችበትም። ብትጮህበት ይቀለው ነበር። ወደኔ ዞራ እጇን ዘረጋችና «እስቲ ስጪኝ ይሄን ወፍራም» አለች። ሰጠኋት። ልጁን ደረቷ ላይ አጋድማ ሶፋውን እስከ ጥጉ ተደገፈችው፤ ከዚያ ነገር ወዲህ ስትደገፍ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ዓይኗን ከመክደኗ በፊት ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። ማሙሽ አላለችውም።

«አንተ እዚህ ቁም» አለችው። «ከተኛሁ ቀስቅሰኝ። በሰዓቱ።»

ተኛች። ልጁም አብሯት ተኛ። ባሌ ወንበር አጠገቡ እያለ አልተቀመጠም፤ ራሷ እስክትነቃ ድረስ አጠገቧ እንደቆመ ቀረ።