«ስኩከም» የተባለው ሰውዬ

ኤይናር ሶልበርግ ጉልበት አልነበረውም የሚል ካለ ዋሽቷል። ጉልበትስ ነበረው። ያልነበረው ሌላው ነገር ሁሉ ነው።

የዓለም ጦርነቱ ካበቃ በሦስተኛው ዓመት ዊላፓ ወንዝ ዳር አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ አብረን ሠርተናል። በእኛ አካባቢ ጠንካራ የሆነውን ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ገመድ፣ «ስኩከም» እንለዋለን። ኤይናር ግን ቃሉን ለእሱ ብቻ የተሰጠ ማዕረግ አድርጎ በመኪናው በር ላይ በቀይ ቀለም አስጽፎታል። የሚያየው ሰው ከሌለ አንዲት ጣውላ አያነሳም። ሰው ካለ ለሁለት የሚነሳውን ብቻውን ተሸክሞ፣ ማን እንዳየው በዓይኑ ይለቅማል። ምሳ ሰዓት ላይ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ያስነካናል፤ እንደሚሸጥ በሬ።

«ቃሉ የኖርዌይ ነው» ይለናል አፉ ሙሉ እንደሆነ። «አያቴ ከአገሩ ይዞት የመጣ። በደም የሚወረስ ነገር ነው።»

አንድ ቅዳሜ ለአክስት ሌና የብረት ምድጃ በጀልባ መጣላት። አክስት ሌና ቼሃሊስ ከሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ የተወለደች ሴት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር፣ መንደሩ ሁሉ አክስት የሚላት። ቤቷ የሚገባው ባሕሩ በየቀኑ እየሞላ በሚሸሽበት ጭቃ ላይ በተዘረጋ ረጅም የእንጨት ድልድይ ነው። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ገመድና ድቡልቡል ግንዶች ይዘን ሄድን። ኤይናር ሳይጠራ መጣ።

«ገመድ? ለዚች? እናንተ ወንዶች ናችሁ?»

«ልጄ፣ ድልድዩ አርጅቷል» አለችው አክስት ሌና። «ቀስ ብለው ይጎትቱት፣ ተው።»

«አንቺ ዝም ብለሽ እዪ! ስኩከም ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ ታውቂያለሽ።»

አክስት ሌና ከት ብላ ሳቀች። «የማን ቃል መሰለህ? የእኛ እኮ ነው! አያቴ ስኩከም ስትል ጫካ ውስጥ ያለውን ጭራቅ ማለቷ ነበር፤ ከቤት ርቀን እንዳንሄድ የምታስፈራራን በሱ ነው። ኋላ ከነጮች ጋር መገበያየት ሲመጣ፣ ከእነሱ ጋር በምንግባባበት የንግድ ቋንቋ ‹ጠንካራ› ማለት ሆነ። ለእኔ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ቤቴ እንዲመጣ የማልፈልገው ትልቅ ነገር።»

ሳቃችንን መያዝ አቃተን። የኤይናር ጆሮ ቀላ። እኛን በክርኑ ገፍትሮ ምድጃውን ጀርባው ላይ አዘለና ድልድዩ ላይ ወጣ። እውነቱን ለመናገር፣ እስከ መሀል ድረስ ተሸክሞታል። እዚያ ሲደርስ እግሩ ሥር ያለው ሳንቃ ጮኸ። ሰውዬው ምድጃውን ወርውሮ ራሱን ወደ ኋላ አስፈነጠረ። ምድጃው ሳንቃውን ሰብሮ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ።

«ድልድይሽ የበሰበሰ ነው!» ብሎ ጮኸባት። ይቅርታ እንኳ አላላትም።

ባሕሩ ሲሸሽ አራታችን እስከ ወገባችን ጭቃ ውስጥ ገብተን በገመድ ጎትተን አወጣነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ኤይናር ደረቅ ጫማውን እንዳደረገ ዳር ላይ ቆሞ «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኳችሁ!» ይላል። አንዳችንም ቀና ብለን አላየነውም። የምድጃው ጎን ተሰንጥቆ ስለነበር አክስት ሌና ክረምቱን ሙሉ ስንጥቁን በጭቃ እየደፈነች፣ በጭስ ዓይኗ እያለቀሰ አበሰለች። እሱ አንድ ቀን ደጇን አልረገጠም። በጸደይ ሥራውን ለቆ ወደ ደቡብ ሄደ፤ ማንም አልሸኘውም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ደቡብ ባለችው አስቶሪያ ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ስገባ ድምፁን ሰማሁ። ወፍሯል። ዓሣ አጥማጆችን ሰብስቦ፣ አራት ሰው ያቃተውን ምድጃ ብቻውን ተሸክሞ ድልድይ እንዳሻገረ ይተርካል። ያጨበጭቡለታል፣ ቢራ ይቀዱለታል። እኔን አላወቀኝም።

«ሴትዮዋስ ከዚያ በኋላ በምን አበሰለች?» አልኩት።

ግንባሩን ቋጥሮ አየኝ።

«የቷ ሴትዮ?» አለኝ።